ዐለቱ ስም ሲያወጣ፦ በአልፕስ ተራሮች ተመሳሳይ አበቦችን ስለመለየት

ጄንቲያና አካውሊስንና ጄንቲያና ክሉሲን ጎን ለጎን አይቶ «አንድ ናቸው» ያለ ሰው አይፈረድበትም። ሁለቱም የአልፕስ ተራሮች ተክሎች ናቸው። መሬት ላይ ከተነጠፉ ቅጠሎች መካከል በአጭር አገዳ ብቅ ይሉና ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ መለከት የመሰለ ደማቅ ሰማያዊ አበባ ያወጣሉ። መለያ ተብሎ የሚነገረው መመሪያ አጭር ነው፦ በኖራ ድንጋይ ላይ የበቀለው ክሉሲ፣ በግራናይትና በመሳሰለው አሲዳማ ዐለት ላይ የበቀለው አካውሊስ። መመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ለተክሉ ስም መስጫ ሲሆን ግን ምርምሩን ያበላሻል ባይ ነኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። በቲሮል፣ ኪትስቢውል በሐኪምነት ያገለገለው ፍራንትስ ኡንገር አፈር በእጽዋት ስርጭት ላይ ስላለው ተጽዕኖ ያጠናውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1836 ነው። ከአንድ ዓይነት አፈር የማይላቀቁትን ተክሎች፣ አንዱን አብልጠው ከሚወዱትና ለአፈር ግድ ከሌላቸው ለየ። እንዲህ ያለው ድምዳሜ የሚጸናው ግን የተክሉ ማንነት ከአፈሩ ተነጥሎ ሲታወቅ ነው። መዝጋቢው ዐለቱን አይቶ «ክሉሲ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ሌላው ያንኑ መዝገብ ይዞ «ክሉሲ ከኖራ ድንጋይ አይወጣም» ቢል፣ ማስረጃው ዞሮ ዞሮ ራሱን ነው የሚመሰክረው።

ተክሉ ራሱ የሚናገረው አበባውን ከሥሩ አቅፎ በያዘው አረንጓዴ ሽፋን፣ በካሊክሱ ላይ ነው። የክሉሲ ካሊክስ ጥርሶች ከመነሻቸው ሰፍተው ወደ ጫፋቸው እየሾሉ ይሄዳሉ፤ ከአበባው ጋር ተጣብቀው ይቆማሉ፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተትም ሹል ነው። የአካውሊስ ጥርሶች አጠር ያሉ ሆነው ከመነሻቸው ጠበብ፣ ከወገባቸው ሰፋ ይላሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ደነዝ ሲሆን በነጭ ስስ ገለፈት ተያይዟል። በአበባው ጉሮሮ ውስጥም አካውሊስ ወይራማ አረንጓዴ ሰረዞች አሉት፤ ክሉሲ የለውም፣ ቢኖረውም ደብዛዛ ነው። ሜዳ ላይ ቶሎ ዓይን የሚስበው ይህ ቀለም ነው፤ ተጭኖ በደረቀ ናሙና ላይ ግን ቀለም ስለሚደበዝዝ እኔ የማምነው ካሊክሱን ነው።

ዐለቱስ ለምን ያሳስታል? ሥሩ የሚያውቀው አፈሩን እንጂ ከታች ያለውን ድንጋይ ስላልሆነ ነው። ዝናብና የበረዶ ውሃ ኖራውን ከላይኛው አፈር አጥቦ ያወርደዋል፤ በብርዱ ምክንያት ቶሎ የማይበሰብሰው የቅጠል ርጋፊም እየተከመረ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቦታ አካውሊስ በኖራ ድንጋይ ተራራ አናት ላይ ሊበቅል ይችላል። የጂኦሎጂ ካርታ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው «ክሉሲ» ብሎ መዝግቦት ያልፋል።

የእጽዋት ተመራማሪው ካርል ኔጌሊ በ1865 ያቀረበው ትዝብት ደግሞ ጉዳዩን የበለጠ ያወሳስበዋል። አኪሊያ ሞስካታና አኪሊያ አትራታ የተባሉት ሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድ ሸለቆ ሲገናኙ፣ የመጀመሪያው አሲዳማውን፣ ሁለተኛው ኖራማውን አፈር ይዘው ይለያያሉ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ባለበት ሸለቆ ግን ያ ብቸኛ ዝርያ በሁለቱም ዓይነት አፈር ላይ ይበቅላል። ስለዚህ የአፈር ምርጫ የሚመስለው ነገር በከፊል የጎረቤት ግፊት ነው፤ ጎረቤት በሌለበት ደግሞ መመሪያው ዋጋ የለውም። (የእኛዎቹ የሰሜንና የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠሩ በመሆናቸው፣ እዚያ ለሚሠራ የእጽዋት ባለሙያ ይህ የኖራ መለያ ከነጭራሹ አያገለግልም።)

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ሮዶደንድሮን በተባሉት ሁለት የአልፕስ ቁጥቋጦዎች ላይ ነው። አሲዳማ አፈር የሚወደው ፌሩጂኒየም በቅጠሉ ጀርባ ዝገት የመሰለ ቡናማ ቅርፊት አለበት፤ ኖራ የሚወደው ሂርሱተም በቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያ ረጃጅም ፀጉር አለው። ሁለቱ አፈሮች በሚዋሰኑበት ቦታ ዝርያዎቹ ይዳቀላሉ፤ ኢንተርሜዲየም የተባለው ድቅልም ፀጉሩንም ቅርፊቱንም በተለያየ መጠን ይዞ ይገኛል። ዐለት እያየ ስም የሚያወጣ መዝጋቢ ይህን ተክል ከሁለቱ ወላጆች ወደ አንዱ መግፋቱ አይቀርም። በቅጠሉ ላይ ያየውን አስቀድሞ ከጻፈና ዐለቱን በሌላ ዓምድ ካሰፈረ ግን ድቅሉ በመዝገቡ ውስጥ ድቅል ሆኖ ይቀመጣል።