ማላመድ፦ የ«ግሎካላይዜሽን» አማርኛ

በመስከረም ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ወደ ወላይታዋ ከተማ አረካ የገባ እንግዳ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ይቀርብለታል። ከዳጣ ይልቅ «ወላይታ ነኝ» የሚል ምግብ ለማግኘት ይቸግራል። የዳጣው ነፍስ በርበሬ ግን የትውልድ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ አፍሪካና እስያ የተሰራጨው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ካደረገው ጉዞ በኋላ ነው። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፈጭተው ዳጣ ያደረጉት የወላይታ እናቶች ናቸው።

«ግሎባላይዜሽን»ን ብዙ ጸሐፊዎች «ሉላዊነት» ይሉታል። ሉል በግዕዝ ዕንቁ ነው፤ ዛሬ ክብ የሆነችውን ምድርም እንጠራበታለን። ሸቀጥ፣ ገንዘብ፣ ሰውና ሐሳብ ድንበር እየተሻገሩ ዓለምን ሲያስተሳስሩ ሉላዊነት ይባላል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን የመጣው እንግዳ ነገር ጓዳችን ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

ለዚያ የተፈጠረው ቃል «ግሎካላይዜሽን» ነው። በምሁራን ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው የሶሺዮሎጂ ሊቁ ሮላንድ ሮበርትሰን ሲሆን፣ መነሻው ጃፓንኛው «ዶቻኩካ» ነው፤ የእርሻን ዘዴ ከራስ መሬት ጋር ማስማማት ማለት ነው።

ቃሉ ከእርሻ ከመጣ፣ አማርኛውንም ከእርሻ እንውሰድለት፦ «ማላመድ»። የግብርና ተመራማሪዎች ከሌላ ስፍራ የመጣን ዝርያ በአካባቢው አፈርና አየር ሲፈትኑ የሚሉት ይህንኑ ነው። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን የጎደሬ ዝርያ ተመልከቱ። ጎደሬ ጥንተ ዘሩ ከእስያ ነው፤ የዝርያው ስም ግን «ቦሎሶ 1» ነው፣ አረካ በምትገኝበት በቦሎሶ የተሰየመ።

ማላመድን ከሌሎች አማራጮች የማስበልጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሥሩ «ለመደ» ነው፤ «ልማድ» የሚለውም ቃል ከዚያው ይወለዳል። ያላመድነው ነገር ሲውል ሲያድር ልማዳችን ይሆናል፤ በርበሬው የሆነውም ይኸው ነው።

የመጣ ሁሉ ግን አይላመድም። ዱንጉዛ የተባለው የወላይታ የሽመና ልብስ ያለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ሲሸጥ መልኩ ይቀራል፤ የሸማኔው እጅና እንጀራ ግን ከመሃል ይወጣሉ። ይህን ማላመድ ልንለው አይገባም፤ መተካት ነው።

ስለ ባህልና ሉላዊነት የምታስተምሩና የምትጽፉ ሁሉ፣ «ማላመድ»ንና «መተካት»ን ለይታችሁ ተጠቀሙባቸው።