አካሉ ከባንጋሎር፣ ሞተሩ ከባሕር ማዶ፦ የሕንድ ‹‹ማሩት›› የጦር አውሮፕላን ታሪክ

አንድ አገር የጦር አውሮፕላን በራሱ እጅ ሠራ በተባለ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሞተሩ የማን ነው የሚለው ነው። ክንፍ የነደፈ፣ ብረት ቀጥቅጦ አካሉን ያቆመ አገር ጥቂት አይደለም። በእሳት መካከል በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተሽከረከረ የማይቀልጠውንና የማይሰነጠቀውን የተርባይን ምላጭ የሚሠሩት ግን እስከ ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሕንድ ይህን ልዩነት የተማረችው ‹‹ማሩት›› በተባለው የጦር አውሮፕላኗ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባንጋሎር ከተማ የሂንዱስታን አውሮፕላን ኩባንያ የተቋቋመው በ1940 ነው። የመሠረተው ዋልቻንድ ሂራቻንድ የተባለ ሕንዳዊ ባለ ኢንዱስትሪ ሲሆን፣ የማይሶር ግዛት መንግሥትም ደግፎታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ፋብሪካው አዲስ አውሮፕላን ከመሥራት ይልቅ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች መጠገኛ ሆነ። ጥገና በብዙዎች ዘንድ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሥራ ነው፤ ሆኖም የሌላውን ሥራ እየፈታ የገጠመ እጅ ውሎ አድሮ የራሱን መግጠሙ አይቀርም። በ1951 በሕንዳዊው መሐንዲስ በጋታጌ የተነደፈችው ኤች.ቲ.2 የተባለች የማሠልጠኛ አውሮፕላን በረረች። ጋና ነፃ ከወጣች በኋላ አየር ኃይሏን ስታቋቁም ለአብራሪዎቿ ማሠልጠኛ ከወሰደቻቸው አውሮፕላኖች አንዷ ይህችው ነበረች።

ከማሠልጠኛ ወደ ጄት የተደረገው እርምጃ ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። በ1956 የኔህሩ መንግሥት ከርት ታንክን ከነባልደረቦቹ ወደ ባንጋሎር አስመጣ። ታንክ ለናዚ ጀርመን አየር ኃይል ፎክ ቩልፍ 190 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን የነደፈ፣ ከሽንፈቱም በኋላ በአርጀንቲና ጄት ሲሠራ የቆየ መሐንዲስ ነው። የዚህን ሰው እውቀት ገና ከቅኝ አገዛዝ የወጣች አገር ለራሷ ነፃነት ልታውለው መነሣቷ የዘመኑ አንድ ምፀት ነው። ወጣቶቹ የሕንድ መሐንዲሶች ከጀርመኖቹ ጎን ተቀምጠው ነደፉ፤ ቅርጹንም በ1959 ከእንጨት በተሠራ፣ ሙሉ መጠኑን በያዘ ሞተር አልባ ተንሳፋፊ ፈተኑት። ሰኔ 17 ቀን 1961 ሱራንጃን ዳስ የተባለው የሙከራ አብራሪ እውነተኛውን ጄት ወደ ሰማይ አወጣው። ‹‹ማሩት›› የሚለው ስም የተወሰደው በጥንታዊዎቹ ቬዳዎች ከሚወሱት የማዕበል መናፍስት ነው።

ማዕበሉ ግን ጉልበት አነሰው። አውሮፕላኑ የታቀደው ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ለመድረስ ሲሆን፣ የታሰበለትም ኦርፌየስ 12 የተባለ የብሪታንያ ሞተር ነበር። የብሪታንያው ኩባንያ ሞተሩን ሠርቶ ለመጨረስ የሚያስፈልገውን 3 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገንዘብ የሕንድ መንግሥት እንዲከፍል ቢጠየቅ እምቢ አለ። በዚያ ጊዜ ቁጠባ መስሎ የታየው ይህ ውሳኔ ፋብሪካውን ለብዙ ዓመታት ሞተር ፈላጊ አድርጎ አስቀረው። ማሩት ደከም ያሉ ሁለት ኦርፌየስ 703 ሞተሮች ተገጥመውለት፣ የድምፅን ፍጥነት እንኳ በጭንቅ የሚነካ ሆነ።

በዚሁ ዘመን ግብጽ በሄልዋን ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ጀምራ ነበር። የእርሷ ችግር በተቃራኒው ነው፤ ፈርዲናንድ ብራንድነር የተባለ ኦስትሪያዊ ኢ-300 የተሰኘውን ሞተር እየሠራላት ሳለ፣ ኤች.ኤ-300 የተባለው አውሮፕላኗ ገና አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች ጎደሏቸውን አገናኙ። በ1964 የግብጽን አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረው ሕንዳዊው ካፒል ባርጋቫ ነው፤ አንድ ማሩትም ወደ ግብጽ ተልኮ የግብጹን ሞተር በአየር ላይ ፈተነ። የሁለቱ ጥምረት ቢሰምር ኖሮ የአፍሪካና የእስያ እጆች ብቻቸውን ያስነሡት ጄት በታየ ነበር። ዳሩ ግን የ1967ቱ ጦርነት ግብጽን አደቀቃት፤ በ1969ም ሥራው ተዘጋ።

ባንጋሎር በያዘችው ሞተር ላይ ግፊት ለመጨመር ሞከረች፤ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ አየር ላይ እንደገና ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ተገጠመለት። ጥር 10 ቀን 1970 ይህንኑ ሲፈትን የነበረው ሱራንጃን ዳስ ተከስክሶ ሞተ።

ማሩት ከነጉድለቱ በ1971 ጦርነት በራጃስታን በረሃ ላይ ተዋግቷል፤ ለምድር ጦር ድጋፍ ጽኑ መሣሪያ እንደነበረም ተመስክሮለታል። በጠቅላላው 147 ያህል ተሠርተው በ1990 አካባቢ ከአገልግሎት ወጡ። በመካከሉ ሕንድ ሚግ-21ን በሶቭየት ፈቃድ መሥራት ጀምራ፣ አካሉን በናሲክ፣ ሞተሩን በኮራፑት ታመርት ነበር። ፈቃድ ግን ማምረትን እንጂ መንደፍን አያስተምርም። ባንጋሎር በራስ ጥበብ ‹‹ካቬሪ›› የተባለውን ሞተር ለመሥራት ሥራውን የጀመረችው በ1989 ነው። ‹‹ቴጃስ›› የተባለው አዲሱ የሕንድ ተዋጊ አውሮፕላን በ2001 ሲበር ግን ካቬሪ ስላልደረሰለት በአሜሪካ ሞተር ተነሣ፤ በ2008ም ካቬሪ ከቴጃስ ተለየ። በ2021 ሕንድ 83 ቴጃሶች እንዲሠሩ አዘዘች፤ 99 ሞተሮችም ከአሜሪካ ታዘዙ። ከእነዚህ የመጀመሪያው ለባንጋሎር የደረሰው በመጋቢት 2025 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ አካላቸው የተገጣጠመ አውሮፕላኖች ሞተር ይጠብቁ ነበር።