የእንሰት ቃጫ በጌዴኦ

ከሌላ ሥራ የተረፈን ቁስ መልሶ ለልብስና ለጫማ ማዋል ዛሬ የፋሽን ዲዛይነሮች መለያ ቢሆንም፣ በዲላና በዙሪያዋ ባለው የጌዴኦ ምድር ትርፍን መልሶ የመጠቀም ጥበብ መነሻ ማጀት ነው። ቃጫ፣ ማለትም የእንሰት ግንድ ለምግብ ሲፋቅ የሚቀረው ጠንካራ ክር፣ ለራሱ ተብሎ የሚተከልለት ተክል የለውም።

መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰት ከቡና ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ተክሉ ለዓመታት ቆይቶ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ከግንዱ የተላጠው ሽፋን በጋደለ ጣውላ ላይ ይዘረጋና ሴቶች በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ፍቁ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ፣ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ በእጅ የሚቀረው ክር ደግሞ በፀሐይ ደርቆ ለገመድ፣ ለምንጣፍና ለከረጢት ይውላል፣ ተርፎም ገበያ ይወጣል።

ይህ ክር ግን ዕቃ ጠፈረ፣ ቤት አሰረ እንጂ የጌዴኦ ሰው መደበኛ ልብስ አልሆነም። ምክንያቱን በክሩ ሻካራነት ብቻ ማሳበብ አያስኬድም፤ በጥንካሬው የሚመሳሰለው የፊሊፒንስ አባካ፣ እሱም የሙዝ ዘመድ ሲሆን፣ በሚንዳናው ደሴት የቲቦሊ ሴቶች ቲናላክ የሚባል ጨርቅ ይሸምኑበታል። ልዩነቱ ከቆላው የሚመጣ ጥጥና ቡልኮን የመሰለ ወፍራም የጥጥ ልብስ በቅርብ ገበያ መገኘቱ ይመስላል፤ ጥጥ ያለው ቃጫ ለማለስለስ አይደክምም።

በኋላም ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ከተማ በመሆኗ፣ ሰልቫጅ የሚባለው ልባሽ ጨርቅ በርካሽ ደረሰላት፤ የናይለን ገመድና ሕዝቡ በቀድሞ ይዘቱ ስም «ማዳበሪያ» የሚለው የፕላስቲክ ጆንያም የቃጫን ገበያ ተሻማው። የማዳበሪያው ጆንያ ራሱ ባዶ ሲሆን እህልና ከሰል መያዣ መሆኑ፣ እግረ መንገዱን፣ ቁስን ደግሞ የመጠቀሙ ልማድ ቁሱ ቢለወጥም እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

የእንሰት ክር ከሰው ገላ ጋር በስፋት የተገናኘው በአዲስ አበባ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው የጫማ ድርጅት ሶል ሬብልስ፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ጫማ መሠረት አድርጎ፣ ሶሉን ከመኪና ጎማ፣ ላዩን ከእጅ ፈትል ጥጥና ኮባ ከተባለው የእንሰት ቁስ እያዘጋጀ ለውጭ ገበያ አቀረበ።