ከፋ ስንት ሰው ነው?

ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች፣ ሐቁን እንናገርና፣ ከሒሳብ ሸሽተን ነበር የገባነው። ስታትስቲክስ ግን እዚያም ጠበቀን። «ኮንፊደንስ ኢንተርቫል» የሚባለውን ለፈተና ሸምድደን እዚያው ፈተና ክፍል ጥለነው ወጣን። በቅርቡ «የከፋ ሕዝብ በስንት አደገ?» የምትል ቀላል ጥያቄ ስናነሳ ግን ዕዳችን ተመዘዘ።

ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ ሕዝቧን ቆጥራለች፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ታዲያ መቀነስ ብቻ ነዋ! አይደለም። የ1976ቱ «ከፋ» ዋና ከተማው ጅማ የሆነ ሰፊ ክፍለ ሀገር ነው። የ1987ቱ ከፊቾ ሸኪቾ ዞን ሲሆን የዛሬው ሸካ አብሮ አለበት። የአሁኑ ከፋ ዞን ለብቻው የተቆጠረው በ1999 ነው፤ 874,716 ሰው። በዚያ ላይ በ1976 ቆጣሪ ያልደረሰባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ቁጥር በግምት ነበር የተሞላው።

ግምት ሲባል ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ቡና ገዢ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ ያያል። ሻጩ ደህና ደህናውን ከላይ አድርጎት ከሆነስ? የርዚ ኔይማን እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ላይ ያቀረበው ጥናት ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ ናሙናው በዕጣ ከወጣና እያንዳንዱ ቤት ዕጣ የሚደርሰው በምን ያህል ዕድል እንደሆነ ከታወቀ፣ የስህተቱም መጠን ይሰላል። ያቺ የሸመደድናት «95 ከመቶ» የምትናገረው ስለ ዘዴው ነው። ናሙናው ደጋግሞ ቢወጣ፣ ከመቶው ስሌት 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር በመሐሉ ይይዛል ማለት ነው። በ1999 ረጅሙ መጠይቅ የቀረበው ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ስለነበር፣ ማን ፊደል ቆጠረ፣ ማን ምን ቤት ውስጥ ይኖራል የሚለውን የምናውቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ዕጣው ግን የሚወጣው ከዝርዝር ነው። ጎረቤት ሲያገልላቸው ከኖሩት ከማንጆዎች የአንዱ ጎጆ ከጫካ ዳር ተረስቶ ከዝርዝሩ ቢወድቅ፣ የትኛውም ቀመር አይመልሰውም። እኛን ያስደነገጠን ይህ ነው።

አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ከፋ የምንሰማው ቁጥር ከ1999 ተነስቶ የተሰላ ትንበያ ነው። ያኔ ጡት እየጠቡ የተቆጠሩት ሕፃናት ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል፤ ምናልባትም ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብለው ይህችኑ «95 ከመቶ» እየሸመደዱ ይሆናል።