አደባባይና አርእስት

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሐሙስ ማለዳ፣ በመስቀል አደባባይ ቆማ በተገኘች ላንድክሩዘር መኪና ውስጥ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ በጉባ ሐሩር ሄልሜት ደፍተው ስለ ኮንክሪቱና ስለ ተርባይኑ ሲያስረዱ ሕዝብ በቴሌቪዥን ያያቸው የነበሩት እኒሁ ሰው ናቸውና፣ ሐዘኑ በአንድ ቤተ ዘመድ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። ፖሊስ በዚያው ዕለት የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ በጥይት መመታታቸውን፣ ሽጉጥም በመኪናው ውስጥ መገኘቱን ገልጾ ምርመራው መቀጠሉን አስታወቀ።

አርእስቱ ግን ምርመራን የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። ቀትር ሳይሆን ገዳዩ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ፣ ጠይቆም ራሱ የሚመልስ ጽሑፍ በየእጅ ስልኩ ተሠራጨ። ከሥሩም የአንባቢው አስተያየት እንደ ጎርፍ ተከተለ፤ አንዱ ጣቱን ወደ ውጭ አገር፣ ሌላው ወደ ውስጥ ቀሰረ። በአደባባዩ የተሰበሰበው ሕዝብ ደግሞ ፍትሕ እያለ ይጮህ ነበር።

ይህን ያየ ሰው፣ ኢንተርኔት ያመጣብን አዲስ ደዌ ነው ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ቀደም ያለ ታሪክ አለው። በጥንቱ ሥርዓት አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ መልሱ ግን በአዋጅ ነጋሪው ፊት አይሰማም። ገዢው የሕዝቡን ልብ ሊያውቅ ሲሻ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ በሥውር ያስጠይቃል። የመጀመሪያው የአንባቢ አስተያየት ዐምድ ይኸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጸሐፊው ስሙን አይፈርምበትም እንጂ።

ብርሃንና ሰላም በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመንም ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ሲጀምሩ የፊት ገጻቸው የቤተ መንግሥትን ወግ የጠበቀ ነበር። አርእስቱ አይጮህም፤ ይሰግዳል። በዚህ ጸጥታ ውስጥ ለአንባቢ በር ከከፈቱት ሰዎች ጎልቶ የሚታወሰው ጳውሎስ ኞኞ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ትምህርት የነበረው ይህ ጋዜጠኛ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተሰኘው ዐምዱ፣ ከሰማይ ከዋክብት አንሥቶ እስከ ባልና ሚስት ጠብ ድረስ የሚቀርብለትን ሁሉ ይመልስ ነበር። ጥያቄው የረባ ካልሆነ ጠያቂውን በቀልድ ይሸነቁጠዋል። ደብዳቤው በፖስታ ቤት በኩል እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል፤ በእነዚያም ቀናት ውስጥ የጸሐፊው ቁጣ ይበርዳል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የአደባባዩን ስም ለወጠው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ በተባለው በዚሁ ስፍራ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ከሰከሱ። ከዚያ የበለጠ አስደንጋጭ አርእስት በዚህች ከተማ አልታተመም፤ ማተሚያ ቤትም አላስፈለገውም። መልስ የሚጻፍበት ዐምድ ግን አልነበረም። ስለዚህም የዚያ ዘመን አንባቢ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን ማንበብ፣ ክፍተቱንም በሹክሹክታ መሙላት ተማረ። የዚያ ዘመን ሙታን መታሰቢያ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው በዚሁ አደባባይ ጥግ ነው።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ሲያስቀር፣ ታፍኖ የኖረው ሹክሹክታ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ገጽ ወጣ። አዟሪው ልጅ በመኪኖች መካከል እየተሹለከለከ የሚጮኸው አርእስቱን ነበርና፣ አዘጋጁ ለአንባቢው ዐይን ብቻ ሳይሆን ለአዟሪው ጉሮሮም መጻፍ ነበረበት። የጥያቄ ምልክትም ያን ጊዜ ጥሩ ጋሻ ሆነ። ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ «ጠየቅሁ እንጂ መች ተናገርሁ?» ለማለት ያመቻል። ሆኖም በአራት ኪሎና በስታዲዮም ዙሪያ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ጋዜጣ የሚከራየው አንባቢ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነበበውን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ይከራከርበት ነበር። የሚያርመው ሰው ፊቱ ይታያል፤ ቢሰድበውም ነገ እዚያው ድንጋይ ላይ ይገናኛሉ።

ሚያዝያ 29 እና 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚው በተከታታይ አደባባዩን ሞሉት። በቀጣዩ ዓመት በ1998 ዓ.ም. አዘጋጆች ታሰሩ፤ ብዙ ጋዜጦችም ከገበያ ወጡ። አርእስቱ ግን አልሞተም። በባሕር ማዶ ወደ ተከፈቱት ድረ ገጾች ተሰደደ፤ አንባቢውም ተከትሎት ሄደ። ድንጋዩን ይዞ ሊሄድ ግን አልቻለም።

ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ፖሊስ የምርመራውን ውጤት ሲያስታውቅ፣ ኢንጂነሩ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ገለጸ። ከሐምሌ 19 እስከዚያ ድረስ 43 ቀናት አልፈዋል። በእነዚህ ቀናት አርእስቱ ከስሶ፣ አስተያየቱም መስክሮ ፈርዶ ነበርና፣ የፖሊስ ቃል ለብዙዎች ዘግይቶ እንደ ደረሰ ተከራካሪ ድምፅ ተሰማ። ሐዘን ላይ የተቀመጠ ቤተሰብም ስልክ እንዳለው ከጻፉት ውስጥ ስንቱ አስቦ ይሆን? ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በአርእስት ጸሐፊው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያልተጻፈውን ማንበብ ከአባቱ የወረሰ አንባቢ፣ የመንግሥት መግለጫ ሲሰማ የተደበቀ ነገር ቢፈልግ ከየት እንደ ተማረው ይታወቃል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጭ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድ ደነገገ። ተከታይን ቆጥሯል፤ ስለ ጥያቄ ምልክት ግን የሚለው የለም።

አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ወደ ማታ ሰዉ በደረጃዎቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ በስልኩ ያነባል። ትከሻ ለትከሻ ከተቀመጡት መካከል ሁለቱ፣ በዚያችው ሰዓት በአንድ አርእስት ሥር እርስ በርስ እየተሰዳደቡ ሊሆን ይችላል፤ አይተዋወቁም።