ሁለተኛው ግዢ

አዲስ ሸቀጥ ይዞ የሕንድን ገበያ ለሚያማትር ነጋዴ ከሁሉ የሚከብደው «ይህን ነገር ማን ይፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሕዝቡ ብዛት ያታልላል። «ከመቶው አንዱ ብቻ ቢገዛኝ» ብሎ ሒሳብ የጀመረ፣ ሒሳቡን ሳይጨርስ የከሰረ ብዙ ነው።

የሕንድ መንግሥት ለሠራተኞቹ የቤት ኪራይ አበል ሲተምን ከተሞቹን በሦስት ረድፍ ይመድባል። እነ ሙምባይ፣ ዴልሂና ቼናይ ያሉበት የመጀመሪያው ረድፍ ስምንት ከተሞች አሉት። ነጋዴውም «ትልቁ ከተማ ከወደደልኝ ትንሹ ይከተላል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ትንሹ ከተማ ኪሱም ኩራቱም የራሱ ነው። በትልቁም ከተማ ውስጥ ቢሆን ማንም ያልቆጠረው ሌላ ገበያ አለ።

ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስ። ኬሎግ የበቆሎ ቁርሱን ይዞ ሕንድ የገባው በ1994 ነበር። የጓጓው ሁሉ አንድ ጊዜ ገዛ። የሕንድ እናት ግን ወተት አፍልታ ትኩሱን ነው የምታቀርበው፤ በቀዝቃዛ ወተት እንዲንኮሻኮሽ የተሠራው ቁርስ በትኩሱ ላሽቆ ቀረ። ብዙው ገዢ አልተመለሰም።

ከዚያ የባሰው የናኖ ታሪክ ነው። ራታን ታታ ቤተሰብ በአንድ ስኩተር ተጨናንቆ ሲሄድ አይቶ፣ በ2008 የ100,000 ሩፒ መኪና አቀረበ። በዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተመዘገበ። ይህን ያየ ማን ይጠራጠራል? ፋብሪካው በዓመት 250,000 መኪና እንዲያወጣ ታስቦ ተሠራ፤ ወደዚያ ቁጥር ግን አንድም ዓመት ሳይጠጋ በ2018 ምርቱ ቆመ። ዋጋው ከፍ አለ፤ ጥቂቶቹም በእሳት ተያያዙ። ዋናው ግን «የዓለም ርካሹ መኪና» የሚለው ስም ነበር፤ ታታም ራሱ በኋላ ይህንኑ ተናግሯል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ መኪና የሚገዛው ጎረቤት እንዲያየው ጭምር ነው፤ ድህነቱን በጎማ እየነዳ የሚያሳይ ማን አለ?

አሁን ወደ ትንንሾቹ ልምጣ። እኛ ዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው ሕንድም ሰርፍ በሚለው ዘመን፣ ካርሳንባይ ፓቴል የተባለ የመንግሥት ኬሚስት በ1969 አሕመዳባድ ውስጥ በጓሮው ሳሙና እየቀየጠ በብስክሌት ያዞር ጀመር። ሰርፍ በኪሎ 13 ሩፒ ገደማ ሲያወጣ የእሱ «ኒርማ» ሦስት ሩፒ ተኩል ነበር። በብስክሌት ለሚያዞር ሰው መጠይቅ ምን ያደርግለታል? ያለፈው ሳምንት ደንበኛ በሩን ስትከፍትለት ወይም ስትዘጋበት መልሱን ያገኛል። የሰርፍ ባለቤት ሂንዱስታን ሊቨር ለዓመታት ከቁብ ሳይቆጥረው ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ ርካሽ ዱቄት አውጥቶ ሊወዳደረው ተገደደ።

ሲ. ኬ. ራንጋናታን ደግሞ ታሚል ናዱ ውስጥ ካለችው ኩዳሎር በ1983 የተነሣው በ15,000 ሩፒ ነው። «ቺክ» ሻምፖውን ለአንድ መታጠቢያ በምትበቃ ትንሽ እሽግ ሸጠ። ዕለታዊ ደሞዝተኛ ጠርሙሱን ጠልቶ አይደለም፤ የወር ሻምፖ ባንዴ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ስለማይገባ ነው። የኛዋ የጉሊት ነጋዴ በትንሽ መስፈሪያ የምትቸረችረውም ለዚሁ ነው። ይልቅ የገረመኝ ሌላ ብልሃቱ ነው፤ አምስት ባዶ እሽግ ላመጣ አንድ ቺክ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ መጀመሪያ የማንም እሽግ ይሁን፣ በኋላ የራሱን ብቻ። ባዶ እሽግ ለይሉኝታ ብሎ አይዋሽም፤ በእርግጥ ታጥበውበታል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ገጸ ባሕርይ ስለ ራሱ የሚለውን ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ የሚያደርገውን ተከተሉ» እል ነበር። ገዢም እንደዚያው ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? በገበያ የሚያወጣው ሁለተኛው ግዢ ነው። የመጀመሪያው ጉጉት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ፍላጎት ነው።

ታታ ናኖን አቁሞም መኪና መሸጡን ቀጥሏል። የሚስቱን ወርቅ አስይዞ ተበድሮ በትንሽ ከተማ ሱቅ የሚከፍት ሕንዳዊ ግን ለሁለተኛ ሙከራ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ዕቃ ይዞ ይዙር፤ በሳምንቱ ስንቱ እንደተመለሰ ይቁጠር። ካልተመለሱም ወርቁ ገና ከቤት አልወጣም።