ለዱቦ ልጅ የሚመረጥ መጽሐፍ

ለትንንሽ ልጆች የሚሆን መጽሐፍና የቴሌቪዥን ዝግጅት ምረጡልን የሚል ጥያቄ በአዲስ አበባ ሲነሣ መልሱ ብዙውን ጊዜ የርዕሶች ዝርዝር ነው። የአንዱ ሥዕል ያምራል፣ ሌላው ግብረ ገብ ያስተምራል፣ ሦስተኛው ፊደል ያስቆጥራል ይባላል። ያው ጥያቄ በወላይታ፣ አረካ አቅራቢያ ወዳለችው ዱቦ ሲደርስ ግን ዝርዝሩ አይበቃም። የዱቦ ልጅ አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሥራዎች ግን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ከርዕሱ በፊት ሌላ ነገር መጠየቅ ይኖርብናል፦ ይህን ለልጁ ማን ያነብለታል? ማንስ ያወራለታል? ያለፉት ስልሳ ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው ለትንሽ ልጅ የበጀው ሥራ አንድ የሚያቀርበው ትልቅ ሰው ልጁ በሚሰማው ቋንቋ በራሱ አንደበት ያደረሰለት ነው።

ከቴሌቪዥኑ ብንጀምር፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው ተዋናይ ተስፋዬ ሣህሉ በዚሁ ጣቢያ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነገሩ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በእርሳቸው ተረት ያደጉት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ራሳቸው አያት ወደ መሆን ደርሰው ነበር። የዝግጅቱ ጉልበት ከመሣሪያ የመጣ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ልጆችና አንድ ተረት በቂ ነበሩ፤ ካሜራው ምድጃ ዳር የኖረውን ወግ ወደ ብዙ ቤት አደረሰው። በ1998 ዓ.ም. መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ የተሠራችው ከካልሲ ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በመኖሪያ ቤት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን ያገኘው ይህ ዝግጅት በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የሁለቱም ዝግጅቶች የመነሻ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት መስኮቱ ሲዘጋ አያት ተረቱን ካቆመበት ትቀጥለዋለች። ዱቦ ላይ ግን አያቲቱ አማርኛ ካልሰማች ወሬው እዚያው ይቋረጣል፤ ልጁም የሥዕሉን ውበት ይዞ ቃሉን ሳይዝ ይቀራል።

የመጽሐፉ ታሪክ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ውስብስብ ነው፤ ወላይታም በዚህ ታሪክ ውስጥ የዳር ተመልካች አልነበረም። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ቋንቋዎቹ በኋላ 15 ደርሰዋል። ማስተማሪያዎቹ የታተሙት በግዕዝ ፊደል ሲሆን ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። ዓላማው ጎልማሳውን ከመሃይምነት ማውጣት እንጂ ለሕፃናት መጽሐፍ ማዘጋጀት አልነበረም። ሆኖም በራሷ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ማንበብ የቻለች እናት ለልጅ ከማንኛውም የመጻሕፍት ዝርዝር ትበልጣለች። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ወላይትኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ መጻፊያውም ወደ ላቲን ዞረ። ምክንያት አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። በወላይትኛ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ የቃልን ትርጉም ይለውጣሉ፤ በግዕዝ ፊደል መጥበቅ አይታይም፣ በላቲን ግን ሆሄውን በመድገም ይጻፋል። የተከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ሲወራለት አይሰማም። በዘመቻው ፊደል የቆጠረች ሴት የልጅ ልጇ ይዞት የመጣውን የራሷን ቋንቋ መጽሐፍ ገልጣ ማንበብ ተሳናት። ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ገጽ እንዳያነቡ የለያቸው ቋንቋው ሳይሆን ሆሄው ነው።

ከዚያ የባሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች የተዋሐደ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ ስሙም ከአራቱ የመጀመሪያ ድምፆች ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። በዚህ ቋንቋ የታተሙት መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ ሶዶ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለአንደኛ ክፍል ልጅ በታተመ መጽሐፍ ምክንያት ይህን ያህል ነገር የተናወጠበት ሌላ ታሪክ በአገራችን እምብዛም አይገኝም።

ይህ የአስተዳደርና የሥልጣን ጉዳይ እንጂ የልጆች ንባብ ጉዳይ አልነበረም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ግማሹ እውነት ነው፤ የዞን አወቃቀር፣ የሥራ ዕድልና የማንነት ጥያቄ በውስጡ ነበሩ። ቋንቋዎቹ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውም አይካድም፤ ለአራት ማኅበረሰቦች አንድ መጽሐፍ ማተም ወጪ እንደሚቀንስ ያሰበ ሰው ሒሳቡ አልጠፋውም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ወጋጎዳን ከእናቱ የሰማ አንድም ልጅ አልነበረም፤ መምህሩም የተናገረው ቋንቋ አልነበረም፤ ቤት ሲገባም የሚያርመው ሰው አያገኝም። ትልቅ ሰው በመዝገበ ቃላት ሊታገሥ ይችላል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን መጽሐፉን የሚያምነው በጆሮው የሚያውቀውን ቃል ሲያገኝበት ብቻ ነው። ወላጆች የተቆጡት ስለ ክብራቸው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ልጁን ከታሪኩ ማውጣት ይሆናል።

በራስ ቋንቋ ማተም ብቻውን ይበቃል ማለት እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ገደማ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ በጎረቤት ሲዳማ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይብስ ነበር። ከዚያ በኋላ ወላይትኛንና ሐዲይኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የታችኛው ክፍል የንባብ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት የሚቀር ዕቃ ነው፤ ማታ ለመዝናናት የሚገለጥ አይደለም። በዚህ በኩል የተሻለ አርአያ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ፤ የማሞ ቂሎን ተረትም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። መጽሐፉ ልጁ ወዳለበት ሄደ፤ አብሮትም የሚያነብ ሰው ሄደ። ወሳኙ ይህ ሁለተኛው ነው።

የወላይትኛ የልጆች መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ እስኪበዛ ድረስ ጥሩ የአማርኛ መጽሐፍ መስጠት አይሻልም ወይ? ይሻላል፤ ግን አሰጣጡ ይለያያል። ሥዕሉ ግልጽ የሆነ፣ ታሪኩ አጭር የሆነ የአማርኛ መጽሐፍ ተመርጦ መምህሩ ወይም ታላቅ እህት አስቀድመው ያንብቡትና ለልጁ በወላይትኛ ይተርኩለት። ታሪኩን ያወቀ ልጅ ቆይቶ በአማርኛ ሲገጥመው ቃሉን ብቻ ነው የሚማረው፤ ስለዚህ አማርኛውን ያዘገይበታል የሚለው ሥጋት አያሳምንም። ለቴሌቪዥኑም ልኩ ይኸው ነው፤ አጠገቡ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ሰዓቱን ማሳጠር ይበጃል። ለአሳታሚ ግን የምመክረው የመጀመሪያ መጽሐፍ እስካሁን በእጃችን ያለ አይመስለኝም። ከአንዲት የዱቦ አያት አፍ የተቀዳ አንድ ተረት፣ በግራ ገጽ በግዕዝ ፊደል፣ በቀኝ ገጽ በላቲን ሆሄ፣ መሃሉ ላይ ለሁለቱም የሚሆን ሥዕል ያለበት፤ ገጹ ከ16 ባይበልጥም ይበቃል። አያት በግራው፣ ልጁ በቀኙ ጣታቸውን እያስኬዱ ያነቡታል።